ውሻ ኪኒን ሲበላ ሁሉም ሐኪም ነው

እኔ የምለው፣ ጅማ ውስጥ ውሻ ሲታመም ሐኪም የማይሆን ሰው አለ እንዴ?

ውሻችን ቡቺ የእህቴን አይረን (የብረት) ኪኒን ከነማሸጊያው ቆረጣጥሞት ተገኘ። እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጣት ነው። ጩኸታችን ሳይበርድ ግቢው በአዋቂ ሞላ። አንዷ «ወተት አጠጡት፣ ማርከሻ ነው» ትላለች። አንዱ ጨው በጥብጦ መጣ። ሌላዋ ደግሞ «ቫይታሚን አይደል? እንዲያውም ይወፍራል!» ብላ ሳቀች። ውሻው ሲያስመልሰው ደግሞ ከአጥር ማዶ «አብዷል፣ እሰሩት!» ተባለ። ውሻ አረፋ ከደፈቀ አበደ ነው፣ ሌላ በሽታ የለም!

«ስንት በላ? ስንት ኪሎ ነው? መቼ በላ?» ያለ አንድ ሰው የለም። ዋናው ጥያቄ እኮ እሱ ነው።

ወተት ብረት አያረክስም። ጨውማ ጭራሽ፣ በግድ የተጋተ ጨው ራሱ ውሻ ይገድላል። ሂሳቡ እንዲህ ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው አንዱ ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረት አለው። ውሻ በኪሎው ከ20 ሚሊግራም በላይ ከበላ ሆዱ ይታወካል፤ ከ60 ካለፈ ለሕይወቱም ያሰጋል። ለ8 ኪሎ ውሻ 8 ኪኒን እዚያ ያደርሰዋል። ተንኮሉ ደግሞ፣ ካስመለሰው በኋላ ሻል ያለው ይመስላል። ሰውም «ዳነ» ብሎ ወደ ቡናው ይመለሳል። ጉበቱ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ነው።

ባጃጆቹን አላነሳም ብዬ ነበር። ከሄርማታ በዚያ ዝናብ «ውሻ አልጭንም» እያሉ አለፉን። በእጥፍ ሂሳብ አንዱ ጫነን። የደረስንበት ክሊኒክ ደግሞ «እኛ ከብት ነው የምናየው» አለን። የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ! በስንት ልመና በስልክ ያገኘነው ሐኪም ግን መጀመሪያ ኪሎውን ጠየቀ፣ ቀጥሎ ማሸጊያውን ይዘን እንድንመጣ ነገረን። ባዶዎቹን ጉድጓዶች ቆጥሮ ነው ሕክምናውን የጀመረው። ቡቺ ተርፏል።

ማሸጊያ ባይኖርስ? እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ቫይታሚን ይዞ ይመጣል። ከዚያ በወረቀት እየተጠቀለለ ለጎረቤት ሁሉ ይታደላል። ስሙን የሚያውቅ የለም፣ «የአሜሪካው» ነው የሚባለው። ቫይታሚን ሲ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተቅማጥ ነው፣ ያልፋል። ቫይታሚን ዲ ከሆነ ግን ሲበዛ የውሻውን ኩላሊት ያበላሻል። ያ እንደ ከረሜላ የሚታኘከው ደግሞ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለበት፣ በውሻው ደም ውስጥ ያለውን ስኳር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያወርደው ይችላል። ሰው ላይ እንዲህ አያደርግም፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም።

ስታድሉ የብልቃጡን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አብራችሁ ላኩ። ብልቃጡንማ ሳያልቅ ለሚጥሚጣ እንደያዛችሁት አውቃለሁ።