ፊልሙ ነው

ባለቤቴ ፍሪጁን ከፍታ ጊዜው ያለፈበትን ሁሉ እየለቀመች ታወጣለች። የሳል ሽሮፑ ወር አልፎታል፤ ተጣለ። የዓይን ጠብታው ተከተለው። ከታችኛው መሳቢያ ሰባት ጥቅል የፎቶ ፊልም ወጣ። አንዱን አንሥታ የካርቶኑን ጎን አነበበች።

«2003 ይላል።»

«እሱማ የሁሉም አለቃ ነው! እንዳትነኪብኝ።»

ምንም አልመለሰችልኝም። ሽሮፑን ከቆሻሻው መልሳ አወጣችና ከፊልሞቹ ጎን አስቀመጠችው። «እንግዲህ እሱም ሃያ ዓመት ይቆይና ይወደድ» አለች።

ምን ልበላት? ጊዜው ካለፈ በኋላ ተፈላጊነቱ የሚጨምር ነገር ፊልምና የድሮ ፍቅር ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ፊልም ማለት ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ በሚሠራ ጄላቲን ውስጥ የተበተነ የብር ጨው ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ብርሃን ትጠብቃለች። ጥበቃው ሲረዝም፣ ሙቀቱና ከሰማይ የሚወርደው ጨረር ሲጎነትላት፣ ትዕግሥቷ ያልቅና ምንም ሳታይ «አየሁ» ትላለች። ፊልሙ ሲታጠብ ይህ ሁሉ የሐሰት ምስክርነት ጭጋግ ሆኖ ምስሉ ላይ ይጋረዳል። ቁጥሩ ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ንቃት ይናገራልና፣ ባለ 3200ው ከባለ 100ው ቀድሞ የሚበላሸውም ለዚህ ነው፤ ለትንሽ ብርሃን የሚደነግጥ ለትንሽ ጨረርም ይደነግጣል። ባለቀለሙ ላይ ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን የሚቀበሉት ሽፋኖች እኩል አያረጁም። አንዱ ሲጃጅ ሌላው ገና ጎረምሳ ነው። የሰው ፊት እንደ ሐሞት አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣው በዚህ የተነሣ ነው። እኛ ያረጀ ፊልም ወዳጆች ግን «ስሜት አለው» እንለዋለን።

ሕግም አለን። ባለቀለም ኔጋቲቭ ጊዜው ካለፈበት በየ10 ዓመቱ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እጥፍ፣ ብርሃን ጨምርለት፤ 20 ዓመት ያለፈውን ባለ 400 ፊልም 100 ነው ብለህ አንሣው። ይህን ለጀማሪ ስንነግር ድምፃችን ይወፍራል። ሕጉ ግን ፊልሙ እነዚያን ዓመታት የት እንደከረመ አይጠይቅም። ኔጋቲቭ ሳይሆን በቀጥታ ትክክለኛውን ምስል የሚሰጠው ስላይድ ፊልም ጭራሽ አይሰማውም፤ ብርሃን በጨመርክለት ቁጥር ምስሉ እየሳሳ ሄዶ ባዶ ፕላስቲክ ታቅፈህ ትቀራለህ።

የት ከረመ ለሚለው ሻጮች ሁሉ አንድ መልስ አላቸው፤ «ሁልጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ነበር።» እስካሁን «መኪናዬ ውስጥ ረስቼው ሦስት በጋ አለፈው» ያለኝ ሻጭ የለም። አንዱ እንዲሁ ምሎ የሸጠልኝን ስቀበል የካርቶኑ አንድ ጎን ፀሐይ መትቶት ነጥቷል፤ ሌላው ጎን ደማቅ ቢጫ ነው። ፍሪጁ መስኮት ነበረው ማለት ነው።

«ቅዝቃዜ ውስጥ ነበር» ሲባል ያለ ጥርጥር የማምነው ስለ አንድ ፊልም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ስዊድናዊው ሰሎሞን አውጉስት አንድሬ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአየር ፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሣ። ፊኛው በረዶ ላይ አረፈ፤ ሦስቱም በሕይወት አልተመለሱም። ፊልሞቻቸው የተገኙት ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1930 ነው። ዮን ኸርትስቤሪ የሚባል ባለሙያ አጥቦ ከ240 ምስሎች 93ቱን አተረፈ። ፊኛው በረዶው ላይ በጎኑ ተጋድሞ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያዩት የሚታይበት ምስል ከነዚያ መካከል ነው። ነጠብጣቡና ጭረቱ ምስሉን አላጠፋውም። እነዚያ ሰዎች የሚያነሡትን ያውቁ ነበር። የኛ ጉድ ግን ነጠብጣቡን ወደድነውና የሚያነሡትን ማወቁን ተውነው።

ከአሮጌው ወንድም የሚሆነው ስሙን ሰምተኸው የማታውቀው ፊልም ነው። ካርቶኑ ያምራል፤ ነብር፣ ጨረቃ ወይም መርከብ ተሥሎበታል። ባለቀለም ፊልም የሚሠራ ፋብሪካ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው የሌላ ሰው ፊልም ነው። በ1921 እንደተመሠረተው የቼኩ ፎማ ያሉት ጥቁርና ነጩን ራሳቸው ይሠራሉ፤ እነሱን አላማም። ሲኒስቲል 800ቲ ደግሞ የኮዳክ የሲኒማ ፊልም ነው፤ ጀርባው ላይ የነበረው ጥቁር የካርቦን ሽፋን ተነሥቶለታል። ያ ሽፋን የተቀባው ብርሃን ተንጸባርቆ እንዳይመለስ ስለነበር፣ ሲነሣ እያንዳንዱ የመንገድ መብራት ቀይ አክሊል ይደፋል። መከላከያው ስለጎደለ የመጣውን ነገር «ሲኒማዊ ውበት» ብለን ሰየምነው። ሲኒማ ሠሪዎቹ የከፈሉት እንዳይመጣባቸው ነበር።

አንድ ወዳጄና እኔ ስለ ሁለት የማይታወቁ ፊልሞች ግማሽ ቀን ተከራክረናል። የእሱ «ነፍሱ ሞቅ ያለች» ናት፤ የእኔ «ቁጥብ»። በመጨረሻ ሁለቱን ኔጋቲቮች መስኮት ላይ ለጥፈን ስናያቸው ጠርዛቸው ላይ የታተመው የፊልም መለያ አንድ ነው፤ ፊደል አይለይም። ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየና «የኔ ግን ትንሽ ሞቅ ይላል» አለ።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምንወደው እነግራችኋለሁ፤ እንዳትናገሩብኝ። በአዲስ ፊልም አንሥቼ ምስሉ ቢደበዝዝ እጄ ተንቀጥቅጧል ማለት ነው። ባረጀው አንሥቼ ቢደበዝዝ ፊልሙ ነው። ቢያምር ደግሞ እኔ ነኝ! አጥቢው ላይ ማላከክ አይቻልም፤ ለኔጋቲቩ ገላጭ ኬሚካል 37.8 ዲግሪ፣ 3 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ተብሎ ቁጥሩ ተቆርጧል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውና፣ የኛ ዳውላ ካርቶኑ ላይ የታተመችው ቀን ናት።

ታላቅ እህቴ ፎቶ አንሣኝ ስትለኝ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ብዬ አዲስ ፊልም መጫን ነበረብኝ። የጫንኩት መስኮት ካለው ፍሪጅ የመጣውን ነው። ውጤቱን አየችው፤ ፊቷ አረንጓዴ ነው፣ ጆሮዋ አካባቢ ጭጋግ ወርዷል፣ ዓይኗ የት እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«አንተ፣ ያን ቀን አሞኝ ነበር እንዴ?»

«ፊልሙ ነው፣ እቴቴ። ባሕርይው ነው። አሁን ሰው የሚፈልገው ይሄን ነው።»

ባታምነኝም ስለምትወደኝ ተቀበለችኝ። በሌላ ቀን ደግሞ ባለ 2003ቱን፣ አለቃውን ጫንኩላት። በሕጉ መሠረት ሁለት ስቶፕ ጨመርኩ። ፎቶ ቤት ሄጄ ፖስታውን ስቀበል ልቤ እየመታ ነበር፤ ጭጋጉን፣ ሐሞቱን፣ ስሜቱን እየጠበቅሁ።

ምንም የለም። ቆዳዋ ቆዳ ይመስላል፣ ሰማዩ ሰማይ ነው፣ ጥላው ውስጥ ያለው ቅጠል ሳይቀር ይቆጠራል። ይሄኛው ሻጭ የእውነት ፍሪጅ ነበረው ለካ። ከ36ቱ በአሥራ አንዱ ግንባሯ ተቆርጧል። በዘጠኙ ከጭንቅላቷ የመብራት ምሰሶ በቅሏል። የቀሩት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ከኋላዋ ያለው አጥር ነው።

እቴቴ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አየቻቸው። ከዚያ መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተችና አቀበለችኝ።

«ፊልሙስ ጥሩ ነው» አለች።