ፈጣኑ ብሮውዘርና የዳታ ሒሳባችን

ብሬቭ የተሰኘውን ብሮውዘር ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) አነስተኛ በሆነ አሮጌ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ጭኜ ስጠቀምበት ከርሜአለሁ፤ ፈጣን ነው መባሉም እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነገር ግን ፍጥነቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከጎግሉ ብሮውዘር ከክሮም የተሻለ ሞተር (ገጾችን የሚከፍት ውስጣዊ ክፍል) አለው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ሁለቱም የተሠሩት ጎግል እ.ኤ.አ. በ2008 ለማንም ክፍት አድርጎ በለቀቀው ክሮሚየም በተባለ የብሮውዘር ኮድ ላይ ሲሆን፣ ገጹን የሚያሳየው ብሊንክም ሆነ የጃቫስክሪፕት (ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት የፕሮግራም ቋንቋ) ኮዱን የሚያስኬደው ቪ8 የጋራቸው ነው።

ልዩነቱ ብሬቭ በማያወርደው ነገር ላይ ነው። አንድ የአማርኛ የዜና ገጽ በተለመደው ብሮውዘር ስከፍት ርዕሱ ከታየ በኋላ በመሐል ማስታወቂያ ይገባና ማንበብ የጀመርኩት አንቀጽ ወደ ታች ተገፍቶ ከዓይኔ ይጠፋል፤ ከበስተጀርባም የማላያቸው፣ በድረ ገጾች ላይ የማደርገውን የሚመዘግቡ መከታተያ ኮዶች ይወርዳሉ፤ የሁሉም ዳታ የሚቆረጠው ግን ከእኔ ፓኬጅ ላይ ነው። ያንኑ ገጽ በብሬቭ ስከፍተው ጽሑፉ ወዲያው ይረጋል፤ በአድራሻው አጠገብ ያለውን የአንበሳ ምልክት ስነካም ምን ያህል ማስታወቂያና መከታተያ እንደታገደ በቁጥር ያሳየኛል።

ዳታ በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን ኢንተርኔትን የለመድንበት ኦፔራ ሚኒ ገጾችን በራሱ ሰርቨር ጨምቆ ወደ ስልካችን የሚልከው ይህንኑ ችግር ተረድቶ ነበር። ክሮምም የዳታ መቆጠቢያ ነበረው፤ ጎግል ግን የሞባይል ዳታ ዋጋ በብዙ አገሮች ቀንሷል በሚል ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2022 አስቀርቶታል። የወሩን ፓኬጅ አብቃቅቶ ለሚጠቀም የአዲስ አበባ ተማሪ ይህ ምክንያት የሚዋጥለት አይመስለኝም።

ብሬቭም ቢሆን በጭፍን የሚታመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ተጠቃሚዎች የአንዳንድ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያዎችን አድራሻ ሲጽፉ ኩባንያው ኮሚሽን የሚያገኝበትን የራሱን ኮድ ይጨምርበት እንደነበር ተደርሶበት፣ የጃቫስክሪፕት ፈጣሪ የሆነው ሥራ አስኪያጁ ብሬንዳን አይክ ይቅርታ ጠይቋል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የአሳታሚዎቹ ነው። ማስታወቂያውን ስናግድ በአማርኛ ዜና ለመሥራት የሚታገሉትን ጥቂት ድረ ገጾች ገቢ እየነካን ነው፤ ስለዚህ የምናከብራቸውን ገጾች ስናነብ የአንበሳውን ምልክት ነክተን እገዳውን ለእነሱ ብቻ ማንሣት ይገባናል ብዬ አምናለሁ። እነሱም በበኩላቸው ለማስታወቂያው የሚሆነውን ቦታ አስቀድመው በገጹ ላይ ከልለው ቢተዉት ጽሑፉ በንባብ መሐል አይንሸራተትም፤ የመከታተያ ኮዶቹንም ለሥራቸው በእርግጥ በሚያስፈልጉት ቢወስኑ አንባቢው እንዲያግዳቸው የሚገፋፋው ምክንያት በእጅጉ ይቀንሳል።