ድልህ ጨመሩበት!

የባለቤቴ አክስት የቲማቲም ድልህ ጨመሩበት። የስጎ ድስቴ ውስጥ። ሳይጠይቁኝ። እንግዶቹ ከወጡ ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ሰሃኑም አልታጠበም፤ ግን ይህን ሳልተነፍስ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቲማቲሙን ታውቁታላችሁ። ከመስከረም ጀምሮ ፎቶውን ስለጥፍ አብራችሁኝ ያሳደጋችሁት ነው። በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ዘርቼ፣ ዝናቡ ጨርሶ ሲወጣ ጥቅምት ላይ መደብ አወጣሁለት። ካቻምና በክረምት ተክዬ ቅጠሉ በሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ሲያልቅ ስላየሁ ዘንድሮ ታገስኩ። የኅዳር ሌሊት ብርድ እንዳይመታው በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንኩት። የጎረቤት ዶሮዎችን አባረርኩ። ዶሮዎቹ ባለቤት አላቸው፣ ባለቤቱ ግን ጆሮ የለውም። የሱን ጉዳይ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ውሃ ደግሞ ሰፈራችን በፈረቃ ነው። ሲቆራረጥበት ፍሬው ከታች በኩል ይጠቁርና ይበሰብሳል፤ ተክሉ ውሃ ሲያጣ ካልሲየሙ ፍሬው ጋ አይደርስማ። ስለዚህ ጎመንና ሰላጣ ያጠብኩበትን ውሃ በባልዲ እያጠራቀምኩ አጠጣሁት። አራት ወር ሙሉ!

ትናንት ስምንት ኪሎ ለቀምኩ፤ ሁለቱን ለነገ አስቀረሁ። ዛሬ በጠዋት ተነስቼ የቀረውን እያንዳንዱን ከታች በኩል በቢላ በመስቀል ጫር ጫር አደረግሁ። የፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ። ጫፉን በጣት ያዝ አድርጋችሁ ስትስቡት ልጣጩ ሸርተት ብሎ ይወልቃል። ፍሬውን ለሁለት ከፍሎ ዘሩን መጭመቅ ነው። ቲማቲም አሲድ ስላለው የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ብዙ ሲቆይ ብረት ብረት ይላል፤ የማይዝግ ድስት ከእህቴ ተዋስኩ። ቀይ ሽንኩርት በዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያው ከጓሮ የተቀጠፈ በሶብላ። ሌላ ምንም!

አንድ ሰዓት እንደተንተከተከ መብራት ሄደ። ሁልጊዜ እሁድ፣ ሁልጊዜ ድስት ተጥዶ! ከሰል አቀጣጥዬ ቀጠልኩ። ቲማቲም ከመቶው ዘጠና አራቱ ውሃ ነው። ያ ሁሉ ውሃ እስኪመጥ ቆሞ ማማሰል ነው። አራት ሰዓት ፈጀ። ከስድስቱ ኪሎ ሦስት ሊትር እንኳ አልወጣም። ግን ሽታው! ቅጥር ግቢው በሙሉ በሶብላና ቲማቲም ሸተተ። ቀለሙ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ። የትኩስ ቲማቲም ቀለም እሱ ነው።

የባለቤቴ አክስት ክዳኑን ገለጥ አደረጉ።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ስጎ ነው እትዬ።»

«ስጎማ ቀይ ነው። ድልህ አለቀብሽ እንዴ?»

«አይ፣ የጓሮዬ ቲማቲም ነው። ድልህ አልጨመርኩበትም።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይዞሽ፣ ይኼ አያሳፍርም። ኑሮው ሁላችንንም ነው የመታው። ለምን አልነገርሽኝም? ይዤልሽ እመጣ ነበር እኮ።»

ለካ ቸግሮኝ መስሏቸዋል! ድልህ መግዣ አጥቼ ጓሮ የገባሁ!

መልስ ሳልሰጥ ሳሎን ሰሃን ልደረድር ወጣሁ። ስመለስ ከመቀነታቸው ብር ፈተው ልጄን ሱቅ ልከውታል። ቆርቆሮው ተከፍቷል፣ ማንኪያው ድስቴ ውስጥ ነው፣ እሳቸው እያማሰሉ ነው። «አሁን ስጎ መሰለ!» አሉኝ ደስ ብሏቸው። የበሶብላው ሽታ ጠፋ። ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለ። ፓስታውንም «ገና ጥሬ ነው» ብለው መልሰው ጣዱት፤ እስኪወጣ ገንፎ ሆነ።

ስጎ የሚለው ቃል የጣልያን ነው። እዚያ ጭማቂም ማለት ነው። ጭማቂ ደግሞ ከፍሬ ነው የሚወጣው! ይህን ለማን ልንገር?

ለባለቤቴ ነገርኩት። «ምን ችግር አለው፣ ጣፍጧል እኮ» አለኝ። ጣፍጧል! አምና ለእንቁጣጣሽ ዶሮዬ ላይ በርበሬ ሲጨምሩበትም ይህንኑ ነው ያለኝ። በዚህ ቤት እኔ የሠራሁት ሌላ ሰው ካላስተካከለው አይበላም?

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። አይደሉም። ልጄን አዝለው ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው። ስታመም ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚሁ አድረዋል። ምን ልበላቸው? እንግዳ ፊት «እትዬ ይተዉት» ብዬ ማንኪያውን ከእጃቸው ልንጠቅ? ዋጥ አድርጌ በላሁ። «ይጨመርልሽ» ሲሉኝም ጨመሩልኝ።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ውሃ ልጠጣ ፍሪጅ ከፈትኩ። የተረፈውን ግማሽ ቆርቆሮ በፌስታል አስረው፣ ነገ ልቀቅላቸው ካልኳቸው ሁለት ኪሎ ቲማቲሞች አጠገብ አስቀምጠውልኛል። በር ላይ ሲሰናበቱኝ «ለሚቀጥለው ይሆንሻል» ያሉኝ እሱን ነበር።