ማማ የመታው መብረቅ ለሁሉም ይመሰክራል?

የክርክሩ ርዕስ፦ «የመብረቅ ጠቋሚ መረቦችን ትክክለኛነት በማማና በሮኬት መፈተን ይበቃል» (መረቦቹ የመብረቁ ምልክት በየቦታው ወደተተከሉ መቀበያዎች የደረሰበትን ጊዜ እያነጻጸሩ የወደቀበትን ቦታ ያሰላሉ)

ደጋፊ፦ ማማው የት እንደቆመ ይታወቃል። ጫፉ ላይ ያለው መለኪያ የመብረቁን ቅጽበትና የጅረቱን መጠን ይመዘግባል። ሳልዝቡርግ አጠገብ ያለው የጋይስበርግ ማማ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ይሠራል። መረቡ «እዚህ ወደቀ» ያለውን ነጥብ ከማማው ጋር ማስተያየት ነው፤ አለቀ። ፍሎሪዳ ውስጥ ካምፕ ብላንዲንግ ላይ ደግሞ ቀጭን ሽቦ የሚጎትት ሮኬት ወደ ደመናው ተኩሰው መብረቁን ራሳቸው ጠርተውታል። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

ተቃዋሚ፦ ምስክሩ ጥሩ ነው፤ ያየው ግን ሌላ ነው። በሮኬት የተጠራ መብረቅ የተፈጥሮው የመጀመሪያ ምት (በአንድ ብልጭታ ውስጥ ከሚከታተሉት የጅረት ምቶች ቀዳሚው) የለውም፤ የሚገኙት ተከታዮቹን የሚመስሉ ምቶች ናቸው። ከማማ ጫፍ ወደ ላይ የሚነሳውም እንዲሁ። መብረቅ ማማ አይመርጥም፤ ሜዳ ላይ የሚወርደውን በምን ፈተናችሁት?

ደጋፊ፦ «መብረቅ ማማ አይመርጥም»! ታዲያ መለኪያው እዚያ ላይ የተሰቀለው ለጌጥ ነው? ይህን የሚያምን ሰው በነጎድጓድ ሰዓት ማማ ላይ ይውጣና ይንገረን።

ተቃዋሚ፦ በአንድ ቃል ተሰናክያለሁ፤ ይሁን። የመጀመሪያው ምት ጥያቄ ግን የት ገባ? እኔ የምለው ፈጣን ካሜራ ይጨመር ነው። አንድ ብልጭታ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ምት አለው። መረቡ አንዱን ብቻ ቢይዝም ብልጭታው «ተያዘ» ተብሎ ይቆጠራል። የሳተውን የሚቆጥርልን ካሜራው ነው።

ደጋፊ፦ ካሜራዎ ምት ይቆጥራል፤ የወደቀበትን ሜትር ግን እንደ ማማው አይነግርዎትም። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ የአንድ ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) ስህተት 300 ሜትር ገደማ ርቀት ነው። ለዚህ ቦታው በእርግጠኝነት የታወቀ ነገር ያስፈልጋል፤ መብረቅ «የማይመርጠው» ማማ ማለቴ ነው።

ተቃዋሚ፦ ቀልዱ ይብቃ፣ ጌታዬ። ሜትር ካሉ ሜትር እናውራ። «የመሃል ስህተቱ 100 ሜትር» የሚል ወረቀት ለደንበኛ ሲሰጥ፣ ግማሹ ምት ከዚያ በላይ እንደሚርቅ ማን ይነግረዋል? የተቃጠለ ትራንስፎርመር ካሣ የሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን እንደ ወሰን ነው የሚያነበው።

ደጋፊ፦ እሱን ወረቀቱን የጻፈውን ይጠይቁ። ማማው ምን አጠፋ?

ተቃዋሚ፦ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የማማው ቁጥር ነዋ!