ትኬት ያለው፣ ወንበር የሌለው መንገደኛ

አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ነው። አባቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ የአየር መንገዱን "ጠብቁ" የሚል ሙዚቃ እየሰማሁ፣ በአንድ እጄ በታብሌት ይህን እጽፋለሁ። ሌላኛው እጄ የ9 ወር ልጄን ይዟል። ልጁ አልተኛም። ለምን ብሎ ይተኛል? የመጣንባት የአሜሪካዋ ሲያትል አሁን ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ነው፤ የእሱ ሰዓት እዚያ ቀርቷል። ለጨዋታ ተነሥቶ የአያቱን ከዘራ ጫፍ እያላመጠ ነው። "ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው" ካሉኝ 38 ደቂቃ አለፈ። እስኪያነሱ ብሶቴን ልተንፍስ። ስም አልጠራም፤ የመመለሻ ትኬቴ ገና እጃቸው ላይ ነው።

ነገሩ ከሒሳቡ ይጀምራል። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ በዓለም አቀፍ በረራ እናቱ ጭን ላይ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶና ታክሱን ይከፍላል። ከፍያለሁ። ልጄ ትኬት አለው። ስሙ የተጻፈበት ቦርዲንግ ፓስ አለው። ፓስፖርት አለው፤ እሱን ለማውጣት እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ከሥራ ቀርተን ፖስታ ቤት ተሰልፈናል፤ ነጭ አንሶላ ላይ አጋድመነው፣ ዓይኑን ገልጦ አፉን የዘጋባት አንዲት ቅጽበት እስክትገኝ ድረስ ስንት ጊዜ ፎቶ እንዳነሣነው እኔ ነኝ የማውቀው። (ፓስፖርቱ 5 ዓመት ያገለግላል። በአምስተኛው ዓመት ያንን ድንች የመሰለ ፊት ከልጁ ጋር የሚያስተያይ ሰው እግዜር ይርዳው።) ቪዛውም ተከፍሏል። በወረቀት ከሄድን ከእኔ በምንም የማያንስ መንገደኛ ነው። የጎደለው ወንበር ብቻ ነው። ወንበር የሌለው ሰው ደግሞ አውሮፕላን ላይ ማንም የማይቀበለው አደራ ነው። ሻንጣ እንኳ ታግ አለው፤ ሲጠፋ የሚጠየቅበት መስኮት አለው።

እውነቱን ለመናገር ልጄን እንደ ሙሉ መንገደኛ የቆጠሩት ሲያትል ያሉ ወዳጆቼ ብቻ ናቸው። "ለሕፃኑም 23 ኪሎ ይፈቀድለታል አይደል? ታዲያ የሱን ኪሎ ለኔ!" አንዷ ጫማ፣ አንዱ ላፕቶፕ፣ ሌላዋ ለእናቷ የስኳር መለኪያ። የገዛ ዳይፐሩ በእጅ ሻንጣ ሄደ።

"ወንበር ግዢለታ!" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የአሜሪካው የአቪዬሽን አስተዳደር ኤፍኤኤ ራሱ፣ ለሕፃን አስተማማኙ ቦታ የሰው ጭን ሳይሆን የራሱ መቀመጫ ላይ የታሰረ የሕፃን ወንበር ነው ይላል። ልክ ነው፤ አልከራከርም። ግን የገና ሰሞን የሲያትል–አዲስ አበባ ትኬት ስንት እንደሚገባ አይታችኋል? ያ ገንዘብ ቢኖረኝ ባለቤቴን ነበር ይዤው የምመጣው።

ስለዚህ የቀረችኝ ተስፋ ባሲኔት ናት፤ ከፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የምትገጠመው የሕፃን አልጋ። በአንድ አውሮፕላን ውስጥ በጣት የምትቆጠር ነች። ከ6 ሳምንት በፊት ደውዬ ያዝኩ። ከ11 ኪሎ በላይ አትችልም አሉኝ፤ የእኛ ጎረምሳ በ9 ወሩ 9 ኪሎ ከ400 ነው፤ ገባ። (አክስቴ ይህን ብታነብ "የልጅ ኪሎ አደባባይ አይወጣም!" ብላ ሦስት ጊዜ እንትፍ እንትፍ ትልበታለች።) እናም ባሲኔቴን ይዤ፣ የልቤ ሞልቶ፣ መሳፈሪያው በር (ጌቱ) ጋ ደረስኩ። ስሜ በማይክሮፎን ተጠራ። አውሮፕላኑ ተቀይሯል። የወንበር ቁጥሩም ተቀይሯል። ባሲኔት ያለው ረድፍ ላይ ሌላ ሕፃን ገብቷል፤ እኔ 41ኛ ረድፍ፣ መሃል ነኝ።

"ታዲያ ከዚያች እናት ጎን ለምን አልቀመጥም?" አልኩ። የኦክስጅን ጭንብሉ አይበቃም አለችኝ የጌቱ ሠራተኛ። በአንድ ላይ ላሉት ሦስት ወንበሮች አራት ጭንብል ነው ያለው፤ አንዱ ትርፍ ለአንድ ሕፃን ነው፤ ሁለት ሕፃን አይፈቀድም። ምክንያቱ ገባኝ፤ የልጅን ትንፋሽ በሚነካ ነገር ማን ይከራከራል? ያልገባኝ ያ የ6 ሳምንት ቀጠሮ ማን ዘንድ እንደቀረ ነው። "ኮምፒውተሩ ነው" አለችኝ። ኮምፒውተሩን አገናኚኝ ልላት ነበር፤ ተውኩት።

41ኛ ረድፍ። በግራዬ አንድ ጎልማሳ፣ በቀኜ አንዲት ወጣት። ሰውየው ገና ከሩቅ ሲያየን "ኡፍፍ" ብሎ የጆሮ ማዳመጫውን ደፋ። ልጁ እኮ አላለቀሰም! በሁለት ጥርሱ እየሣቀለት ነበር። ሰው ባላጠፋው ጥፋት ሲፈረድበት እንደዚያ በቅርብ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ቀበቶ ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። የመጀመሪያው አውሮፕላን የአሜሪካ ነው፤ ሊነሣ ሲል ሆስተሷ መጥታ፦ "ልጁን በእጅሽ ብቻ ያዢው፤ ቀበቶ ውስጥ እንዳታስገቢው፤ ክልክል ነው።" ሁለተኛው የአውሮፓ ነው፤ ያኛዋ ደግሞ ትንሽ ቀበቶ ይዛ መጣች፦ "ይህችን ከራስሽ ቀበቶ ጋር አያይዘሽ ልጁን እሰሪው፤ ግዴታ ነው።" ሁለቱም ደንብ ነው፤ ሁለቱም ለልጁ ደኅንነት የወጣ ነው። ያው ልጅ፣ ያው ጭን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ! በአንደኛው ወንጀል የነበረው በሌላኛው ግዴታ ሆነ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ እናንተ ደንብ አውጪዎች ግን እባካችሁ አንድ ቀን ቡና ጠጡና ተስማሙ።

የመጀመሪያውን በረራ አሥር ሰዓት በዝርዝር አልተርክም። ሽንት ቤት ውስጥ ያለችው የዳይፐር መቀየሪያ የትሪ ያህል ናት፤ ልጁ እግሩን ዘርግቶ የውኃ መልቀቂያውን ሲረግጥ በድምፁ ደንግጦ ራሱ አለቀሰ፤ ይበቃል። ከመነሣቴ በፊት "ትንሽ ቤናድሪል ጠብ አድርጊለት፣ ጥቅልል ብሎ ይተኛል" ላላችሁኝ ሁሉ ደግሞ፦ የልጁን ሐኪም ጠይቄያለሁ። ለዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ማስያዣ ብሎ መድኃኒት የለም፤ ለአንዳንዱ ልጅ እንዲያውም እንቅልፍ ነሥቶ ያቅበዘብዘዋል አለችኝ። በሦስት ተርታ ሰው መሃል ቅብዝብዝ ያለ ልጅ አስቡት እስቲ።

ለቅሶው የመጣው ስንወርድ ነው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ቁልቁል ሲል የጆሮ ውስጡና የውጪው ግፊት ይበላለጣል፤ አዋቂ ምራቁን ውጦ፣ አዛግቶ ያስተካክለዋል። የሕፃን የጆሮ ቱቦ ጠባብ ነው፤ እንዲውጥ ጡት ወይ ጡጦ መስጠት አለባችሁ። ይህን አውቃለሁ፤ አንብቤ ነው የመጣሁት። አብራሪው "መውረድ ልንጀምር ነው" ሲል ነጠላዬን ጣል አድርጌ ጡት ሰጠሁት። ጠባ፤ ጠገበ። ከዚያ ማኮብኮቢያው ተጨናንቋል ተባለና 25 ደቂቃ ሰማይ ላይ ዞርን። ዋናው መውረድ ሲመጣ ልጄ ጠግቧል፤ ጡት ብሰጠው አፉን ይዘጋል፤ የእንጀራ እናት (ያቺን የምትጠባ ላስቲክ) ብሰጠው ተፍቶ የሰውየው ጫማ ሥር ጣላት። እና ጮኸ። አቤት ጩኸት! ሰውየው ማዳመጫውን አውልቆ "አንድ ነገር ልታደርጊ አትችይም?" አለኝ። እስቲ ምን ላድርግ? ላወርደው? የሚያመው እሱን፣ የተበደለው ሰውየው፣ ጥፋተኛዋ እኔ። አንጀቴ እርር አለ፤ ግን "ይቅርታ" አልኩ። እስካሁን የሚያናድደኝ ያ "ይቅርታ" ነው።

ቀጥሎ ጋሪው። ሲያትል ጌቱ ጋ ስትሮለሩን አጥፌ ሳስረክብ "ስትወርጂ በሩ ላይ ታገኚዋለሽ" ብለውኛል። ወረድኩ፤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ሁሉ አልፎ፣ ጽዳቶቹ ገብተው፣ አብራሪዎቹም ወጡ። ጋሪ የለም። አንዱን ሠራተኛ ብጠይቀው የለጠፉብኝን ታግ አይቶ "ይህ እስከ መጨረሻ መዳረሻሽ ተልኳል፤ አዲስ አበባ ነው የምትረከቢው" አለኝ። አምስት ሰዓት ትራንዚት አለብኝ። ከተርሚናል ተርሚናል ባቡር አለ፣ ደረጃ አለ፣ እንደገና ፍተሻ አለ፤ ለፍተሻ ደግሞ ወተቱ ይወጣል፣ ጡጦው ይከፈታል፣ ልጁ ጃኬቱን ያወልቃል። እኔ 9 ኪሎ ከ400 ልጅ፣ የዳይፐር ቦርሳና የእጅ ሻንጣ ይዤ።

ጉዱን ልንገራችሁ። ልጁ ሲወለድ አክስቴ ከአዲስ አበባ አንቀልባ ልካልኛለች፤ ዳር ዳሩ በዛጎል ያጌጠ፣ የድሮ ሥራ። እኔ ዘመናይዋ ሲያትል ሳሎን ግድግዳ ላይ ጌጥ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ። "ምንድን ነው?" ለሚሉኝ ፈረንጆች በኩራት አስረዳለሁ፤ እናቶቻችን ልጅ አዝለው እንዴት እህል እንደሚፈጩ፣ እንዴት ውኃ እንደሚቀዱ። ለራሴ 600 ዶላር አውጥቼ ጋሪ ገዛሁ። እናም በዚያ የመስታወት አዳራሽ፣ የሽቶ መደብር ፊት ለፊት ጎንበስ ብዬ፣ ልጁን ጀርባዬ ላይ አውጥቼ፣ በነጠላዬ ጥፍር አድርጌ አዘልኩት። አንዲት ሴትዮ ቆማ ፎቶ ልታነሣኝ ስትል ገላመጥኳት። ልጁ? በሁለት ደቂቃ እንቅልፍ። አክስቴ ይህን እንዳትሰማ አደራ።

ሁለተኛው በረራ ላይ ግማሹ የራሳችን ሰው ነው፤ ተመስገን አልኩ። ምስጋናዬ እስከ ስድስተኛው ምክር ድረስ ቆየ። "በርዶት ነው፣ ደርቢለት።" "ሞቆት ነው፣ አውልቂለት።" "ሆዱን ነፍቶት ነው።" "አንቺ የበላሽው ነው፤ ምስር በልተሻል?" "ዓይን ነው፤ ይህን የመሰለ ልጅ ሳይሸፍኑ!" የበላሁት የአየር መንገድ ፓስታ ነው። ቢሆንም ልዩነቱ ይገባኛል፤ የመጀመሪያዎቹ እንዳላዩን ሆኑ፣ እነዚህ ግን ልጁን የራሳቸው አደረጉት።

እዚህ ባሲኔቷ ተገኘች። 50 ደቂቃ አባብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ አስተኛሁት። ዓይኔን ስከድን፣ ቲንግ! አየሩ ሊናወጥ ነው፣ ቀበቶ እሰሩ፣ ሕፃናትን ከአልጋው አውጡ። አወጣሁት፤ ነቃ። አየሩ ሦስት ደቂቃ ተነቃንቆ ፀጥ አለ። መልሼ አስተኛሁት። ቲንግ! አራት ጊዜ። በአራተኛው እኔ ራሴ ማልቀስ ጀመርኩ፤ አላፍርም። ያን ጊዜ ከኋላዬ ነጠላ የለበሱ እናት ተነሥተው "አምጪው እስቲ የኔ ልጅ፣ አንቺ አረፍ በይ" አሉኝ። "እማማ፣ ይከብድዎታል" ብላቸው "ስምንት አሳድጌያለሁ፣ ይሄ ምን አላት!" ብለው ተቀበሉኝ። መተላለፊያው ላይ እሹሩሩ እያሉ ወዲያ ወዲህ አሉ። አንድ ሰዓት ከሩብ ተኛሁ። ከጉዞው ሁሉ ያገኘሁት እንቅልፍ እሱ ነው፤ በየትኛውም ትኬት ላይ አልተጻፈም።

ደግሞ ማዶ የተቀመጠው አንድ ሰውዬ፣ "ምን አስቸኮለሽ እህቴ? ሕፃን ይዞ ይህን ሁሉ አገር! ትንሽ እስኪያድግ አትጠብቂም ነበር?" አለኝ። በቅንነት ነው ያለው መሰለኝ። አባቴ 81 ዓመቱ ነው። የልጅ ልጁን በስልክ መስኮት ነው የሚያውቀው፤ ልጄ እስኪያድግ እኔ ልጠብቅ እችላለሁ፣ አባቴን ግን ጠብቅ የምለው በየትኛው አፌ ነው? ይህን ሁሉ አላልኩትም። "እንዲያው ነው" አልኩት።

ቦሌ ስንወርድ ልጁ አንዴም አላለቀሰም። "አገሩን አወቀ! ያገሩ አየር ሸተተው!" ተብሎ እልል ሊባል ምንም አልቀረው። እኔ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ተደርጎ ነው የሚያዘው፤ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ስትወርዱ ጆሮን የሚጫነው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ባሕር ጠለል አጠገብ እንዳለው ትራንዚት እንዳደረግንበት ከተማ አይደለም። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ የአዲስ አበባን አየር ሲተነፍስ ነበር ማለት ነው። ይህን ግን ለእማማ አላስረዳሁም። አገሩን አወቀ ካሉ አወቀ።

ጋሪው የሻንጣ ማጓጓዣው ቀበቶ ላይ መጣ። በአራት እግር ሄዶ በሦስት ተመለሰ። ቅሬታ በኢንተርኔት ሙሉ አሉኝ፤ ቅጹ "የተጎዳው ዕቃ ባለቤት ስም" ይላል። የልጁን ስም ጻፍኩ፤ "የወንበር ቁጥር" ሲል ባዶ ተውኩት። ባዶ አይቀበልም አለኝ።

እንግዲህ መመለሻዬ ከ16 ቀን በኋላ ነው፤ አሁን የምደውለውም ባሲኔቷ አሁንም በስሜ መያዟን በድጋሚ ለማረጋገጥ ነው። 10 ሰዓት ሆነ። አባቴ በጋቢው ተጠቅልሎ ከመኝታ ቤት ወጣ፤ "ይሄ ሰውዬ ዛሬም አልተኛም?" ብሎ ልጁን ተቀበለኝ፤ ከዘራውን እየተጓተቱ ነው። 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ። ሙዚቃው ቆመ። አነሡ መሰለኝ፣ ቆዩኝ።