ኦንኮን እናጥፋ ወይስ እንቆጣጠር?

ኦንኮሰርኪያሲስ (ኦንኮ) በፈጣን ወንዝ በምትራባ ጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። ቆዳ ያበላሻል፣ ዓይን ያጠፋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 ግቧን ከመቆጣጠር ወደ ማጥፋት አዞረች፤ መድኃኒቱም በዓመት 2 ጊዜ መታደል ያዘ። ያዋጣል?

ተቃዋሚ፦ መድኃኒቱን፣ አይቨርሜክቲንን፣ የሚጠላ የለም። አምራቹ መርክ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ነፃው ግን ክኒኑ ብቻ ነው። ቤት ለቤት መዞሩ፣ ሰውን በቁመት መለኪያ ዱላ አስጠግቶ ስንት ክኒን እንደሚገባው ማየቱ፣ መመዝገቡ የሰው ጉልበት ነው። ያ ሁሉ የሚወድቀው ስለ ክትባቱም፣ ስለ ወባውም፣ ስለ ወላዷም በምትጠየቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ላይ ነው። እኛ ጋ ደግሞ በሽታው ይበልጥ የሚያጠቃው ቆዳን ነው፤ እንደ ምዕራብ አፍሪካ ብዙ ሰው አላሳወረም። በዓመት አንዴ ሰጥተን ብናስታግሰውስ?

ደጋፊ፦ ቆዳ ብቻ ነው ብለው አያቅልሉት፣ ወንድሜ። ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር ሰው ጠዋት በምን አቅሙ ይቆፍራል? ቅልጥሙ ዥንጉርጉር የሆነባት ልጅስ? ዋናው ነገር ግን ትሉ ነው። ክኒኑ የሚጨርሰው የሴቷን ትል ጥቃቅን ልጆች ነው። እናቲቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች፤ ከወራት በኋላ መውለዷን ትቀጥላለች። በዓመት አንዴ እየሰጠን እናስታግስ ካልን መቼ ልናቆም ነው? ያን ጊዜ ነው ወጪው የሚከፋው። ሱዳን አቡ ሐመድ ላይ ስርጭቱን ማቋረጧን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳውቃለች። ኒጀርም እ.ኤ.አ. በ2025 ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆና ማጥፋቷ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል።

ተቃዋሚ፦ አቡ ሐመድ እኮ በረሃ የከበበው ቦታ ነው! ከፋና ጅማ ወንዙ ማለቂያ የለውም። ለቡና ለቀማ የሚወርደው ሠራተኛ ደግሞ እደላው ሲደርስ አገሩ ገብቷል። ምንም ያላመመው ሰውም ስድስት ወር ሳይሞላ «አሁንም ክኒን?» ብሎ በሩን ይዘጋል። አይፈረድበትም።

ደጋፊ፦ እሱን አልክድም። ይሄ ግን የአሠራር ጉዳይ ነው። እደላውን ለቀማው ላይ አድርጉት፤ ቡና እርሻው ድረስ ሂዱ። ዝንቧን እየያዛችሁ መርምሩ፤ ስርጭት የቆመበት አካባቢ ይቁም። ሁሉም ቦታ እኩል መድከም የለበትም።

ተቃዋሚ፦ ለምርመራው ማን ይከፍላል? ለጋሹ ፊቱን ሲያዞርስ?

ደጋፊ፦ ከመንግሥት በጀት። ዛሬ ያንን ካልጠየቅን፣ በዓመት አንዴ ያሉትም እኮ በለጋሽ እጅ ነው ያለው።