ማስተካከያ፦ ሜዲኬር የነርሲንግ ሆም ወጪን በዘላቂነት አይከፍልም

አሜሪካ ባለነው ሀበሾች መካከል «የመርሳት ሕመም ያለበትን ወላጅ ነርሲንግ ሆም ካስገባችሁ ሜዲኬር ሁሉንም ይችላል» የሚል መልእክት እየዞረ ነው። ልክ አይደለም። ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሆን የመንግሥት የጤና መድን ነው፤ ነርሲንግ ሆም ደግሞ አረጋውያንና ሕመምተኞች እየኖሩ እንክብካቤ የሚያገኙበት ተቋም ነው።

የመንግሥት የሜዲኬር መመሪያ እንደሚለው፣ መደበኛው ሜዲኬር በነርሲንግ ሆም የሚሸፍነው ቢያንስ 3 ቀን ሆስፒታል ተኝተው ለወጡና የነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ክትትል ለሚያስፈልጋቸው፣ ቢበዛ 100 ቀን ነው። ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ከኪስ የሚከፈል ድርሻ አለ። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት ብቻ ከሆነ አይከፍልም። የመርሳት ሕመምተኛ የሚፈልገው ደግሞ በአብዛኛው ይህንኑ ነው።

የረጅም ጊዜውን የሚከፍለው ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆን የመንግሥት የጤና መድን) ነው፤ ያውም ገቢና ንብረታቸው ስቴቱ ካስቀመጠው ጣሪያ ለማያልፍ። ሂሳቡ ሲመጣ ደንግጦ የእናትን ቤት በልጅ ስም ማዞር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ሜዲኬይድ ያለፉትን 5 ዓመታት ይመረምራል፤ በስጦታ የተላለፈ ንብረት ካገኘ ክፍያውን ለተወሰነ ጊዜ ሊከለክል ይችላል። ከመፈረም በፊት ጉዳዩን የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ።